«አለ» ከ«አለ» ሲለይ

ብዙዎቻችን የቋንቋ ትምህርት ስንጀምር የምናሳድደው ከባድ ከባዱን ቃል ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ያላወቅነው ቃል ሲገጥመን ከኅዳጉ ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፤ ከዚያም ቃሉን በጓደኞቻችን ፊት አንድ ጊዜ ጣል ሳናደርገው አናድርም። ጧት ከአልጋ ተነሥተን ማታ እስክንተኛ ድረስ በየደቂቃው የምንጠራውን ቃል ግን «አንተ ደግሞ ማነህ? ከወዴት መጣህ?» ብለን ጠይቀነው አናውቅም። በዚች ጽሑፍ ልናነጋግረው ያሰብነው እንዲህ ያለውን ችላ የተባለ ቃል ነው። እርሱም «አለ» ነው።

«ሁለት ፊደል ስላለው ቃል ምን ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለርሱ የምንሰጠው ምክር አንድ ቀን ጧት ከእኛ ጋር እንዲሳፈር ነው። እኛ ሦስት የቋንቋ ተማሮች ነን። ገርጂ በአንዲት የኪራይ ክፍል አብረን እንኖራለን፤ ወደ 6 ኪሎ ለመሄድም በየቀኑ በመገናኛ በኩል እናልፋለን። ሰማያዊና ነጭ በተቀባው ሚኒባስ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ!» ይለናል። ሒሳብ ሲሰበስብ «ዝርዝር አለህ?» ይላል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኻሉ። አጠገባችን የተቀመጡት ሁለት ሴቶች «እንዲህ አለችኝ፤ እኔም እንዲህ አልኳት» እየተባባሉ የሰፈሩን ጉዳይ ይጨርሳሉ። ሾፌሩ ወራጁን አውርዶ ሊቀጥል ሲል መኪናው አልነሣ ይላል። አንድ ቀን ከገርጂ እስከ መገናኛ ድረስ ይህ ግሥ ስንት ጊዜ እንደሚነገር በጣታችን ቆጥረን ነበር፤ 40 ሲሞላ ጣትም ትዕግሥትም አለቀብንና ተውነው።

ከዚህ ሁሉ «አለ» ውስጥ ግን አንድ ግሥ ብቻ አይደለም ያለው። ሁለት ናቸው። «ወራጅ አለ» ስንል «ለ» ይጠብቃል፤ ትርጉሙም መኖር፣ መገኘት ነው። «እንዲህ አለ» ስንል ደግሞ «ለ» ይላላል፤ ትርጉሙም መናገር ነው። ዘራቸውም ልዩ ልዩ ነው። የላላው «አለ» ከግዕዙ «ብህለ» የወረደ ሲሆን «ብሂል» የምንለው ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው። የጠበቀው «አለ» ደግሞ የግዕዙ «ሀሎ» ልጅ ነው፤ «ህላዌ»ና «ህልውና» የተባሉት ቃላት ወንድሞቹ ናቸው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ግሦች ምንም የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ረዥም መንገድ ተጉዘው በአማርኛ ደጃፍ ሲገናኙ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው የተገኙ መንገደኞች ናቸው ማለት ነው። (ስልክ ስናነሣ «ሀሎ!» የምንለው ቃል የመጣው ከፈረንጅ ነው፤ ነገር ግን አንድ የግዕዝ ዐዋቂ ቢሰማው «አለ! አለ!» እያልን የምንጮኽ ሊመስለው ይችላል።)

በመጀመሪያ የሚናገረውን እንመልከት። ይህ ግሥ የትውልድ መንደሩን እንደሚደብቅ ተማሪ ነው። «አለ»፣ «ይላል»፣ «ማለት» ስንል የግዕዙ «ብ» ፈጽሞ አይታይም፤ ወላጁን የካደ ይመስላል። ነገር ግን ስናዝዘው «በል!» ይላል፤ ስናስከትለው «ብሎ» ይሆናል፤ ባለቤቱን ስንጠራ «ባይ» ይባላል፤ ተደራጊ ሲሆን «ተባለ» ይላል። የተደበቀችው «ብ» በጭንቅ ጊዜ ሁሉ ብቅ ትላለች። የሰዋስው መምህር አንድን ግሥ በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ አጥንቱን ለማስቆጠር ከፈለገ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

የዚህ ግሥ ትልቁ ጠባይ ግን አፍ የሌለውን ሁሉ ማናገሩ ነው። ሰው ሲቀመጥ «ቁጭ አለ» እንላለን፤ ሲነሣ «ብድግ አለ»፤ ሲታክተው «ዘፍ አለ»፤ መልስ ሲያጣ «ዝም አለ»። ዝም ማለት እንኳ በአማርኛ ማለት ነው! «ቁጭ»ም ሆነ «ብድግ» ብቻቸውን ሲቆሙ ነፍስ የላቸውም፤ «አለ» ሲደርስላቸው ግን ይንቀሳቀሳሉ። በዚህ ላይ በሩ አልከፈት ይላል፤ ዝናቡ አላቆም ይላል፤ መኪናው አልነሣ ይላል። በሩም ዝናቡም መኪናውም የራሳቸው ፈቃድ ኖሯቸው እምቢታቸውን በገዛ አፋቸው የሚናገሩ ናቸው። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይሥቃል፤ በኋላ ግን ራሱን ይይዛል። እኛ ምንም ሳይመስለን እንናገረዋለን፤ የክረምት ዝናብ መገናኛ ላይ አቁሞን፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ሰማዩ አላባራ ሲል ግን የአነጋገራችን እውነትነት ይገባናል።

ወደ ሁለተኛው እንሻገር። የመኖሩ «አለ» ድኻ ግሥ ነው። መልኩ የኀላፊ ጊዜ መልክ ነው፤ እንደ «ሄደ» እና እንደ «መጣ» ያለ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ስለ ትናንት ለመናገር ሲፈልግ ጎረቤቱን «ነበረ»ን ይበደራል። ስለ ነገ ለመናገር ሲፈልግ ከ«ኖረ» ዘንድ ሄዶ «ይኖራል»ን ይዋሳል። ማዘዣ ሲቸግረው አሁንም «ይኑር» ብሎ ከዚያው ቤት ያመጣል። የራሱ ሀብት «የለም» ናት። ሌላው ግሥ ሲክድ «አልሄደም»፣ «አልመጣም» እንደሚል እርሱ «አላለም» ለማለት አይችልም፤ ምክንያቱም «አላለም» የሚናገረው «አለ» ንብረት ነው።

ይህ የብድር ኑሮ በሰፈራችን በገሐድ ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲሠራ፣ ዳር ዳሩን የነበሩት ብዙ ቤቶችና ሱቆች ተነሡ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛ መሄጃው አማረ፤ የሰፈሩ ሰው አቅጣጫ የሚያመለክትበት ሰዋስው ግን በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ቀድሞ «ፎቶ ቤቱ ካለበት አለፍ ብለህ» ይባል የነበረው «ፎቶ ቤቱ ከነበረበት አለፍ ብለህ» ሆነ። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው በሌለ ፎቶ ቤት አጠገብ ዐልፎ፣ በሌለ ዳቦ ቤት በኩል ታጥፎ ካሰበበት መድረስ ነበረበት። እኛም ከዚያ ወዲህ «አለ» እና «ነበረ» የሚለዩት በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን።

የዚሁ ድኻ ግሥ ሌላው አስደናቂ ሥራ ሀብትን መናገሩ ነው። እንግሊዙ «ሀቭ»፣ የኔዘርላንድ ሰው ደግሞ «ሄበን» የሚሉት ግሥ አላቸው፤ ባለ ገንዘቡ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆንና ገንዘቡን በእጁ ጨብጦ ይቆማል። በአማርኛ ግን «ብር አለኝ» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ብሩ ነው፤ እኛ ከግሡ ጅራት ላይ የተንጠለጠልን ተቀጥላ ነን። ብሩ አለ፤ ለእኛ አለ፤ ነገ ደግሞ ለሌላ ይኖራል። መስኮብም ዐረብም ሀብታቸውን የሚናገሩት እንደዚሁ «ከእኔ ዘንድ አለ» በሚል ዐይነት አነጋገር ነውና እኛ ብቻችንን አይደለንም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ዕዳም ያው ነው፤ «አለኝ» የሚለው «አለብኝ» ሲሆን መኖሩ ከላያችን ላይ ይጫናል። ወር ሲያልቅ ለቤት አከራያችን የምንናገረው ይህኛውን ነው።

የሁለቱን ግሦች ልዩነት በአንድ ጊዜ ለማየት የሚሻ ሰው «ደስ አለኝ» እና «ደስታ አለኝ» የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። በጽሑፍ አንድ ቃል ይመስላሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው «ለ» ላልታለች፤ ደስታው መጥቶ «ደስ» ብሎን ሄዷል፤ ቃል ነው፤ አላፊ ነው። በሁለተኛው «ለ» ጠብቃለች፤ ደስታው ከእኛ ዘንድ ተቀምጧል። የፈተና ውጤት በተለጠፈ ቀን የምንለው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን ለማለት ግን ከውጤት የበለጠ ነገር ያስፈልጋል።

እነዚህ ሁለት ባዕዳን አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ቃል ውስጥ አብረው ያድራሉ። «ይሄዳል» የሚለው ቃል ቢፈታ «ይሄድ» እና «አለ» ነው፤ «ሄዷል» ቢፈታ «ሄዶ» እና «አለ» ነው። የአማርኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ድምፅ ለመዝጋት ሲፈልግ የመኖሩን «አለ» ምርኩዝ አድርጎ ይይዘዋል። እንግዲህ «ይላል» ምንድን ነው? «ይል» እና «አለ» ነው፤ ፊተኛው የሚናገረው፣ ኋለኛው የሚኖረው ነው። «ብሏል»ም «ብሎ» እና «አለ» ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ብሏል ስንል፣ ሳናውቀው፣ ንግግሩንም መኖሩንም በአንድ ቋጠሮ አስረን እናቀርባለን። ይህን ቋጠሮ አንባቢ በልቡ ያቆየው፤ ዝቅ ብለን እንፈታዋለንና።

አሁን ችግሩ የት ላይ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አፋችን ሁለቱን ይለያል፤ ፊደላችን ግን አይለይም። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በአንድ መልክ ይጽፋል። ስለዚህ «ሰዎች አሉ» ተብሎ የተጻፈው ሰዎች መኖራቸውን ይሁን ሰዎች መናገራቸውን ቃሉ ብቻውን አይነግረንም። «ምን አለህ?» የሚለው ንብረት ይጠይቅ ወይም ወሬ ይጠይቅ አይታወቅም። «እግዚአብሔር ያለው» ሲላላ የአምላክን ውሳኔ ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ደግሞ አምላክ ከእርሱ ጋራ የሆነለትን ሰው ያመለክታል። ከሁሉ የሚያስቀው «ያለ ገንዘብ» ነው፤ ሲጠብቅ ገንዘቡ አለ፤ ሲላላ ገንዘቡ የለም። ባለጠግነትንና ድኽነትን በአንድ ዐይነት ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ መሆናችን ለተማሪ መጽናኛ ሊሆን ይችላል።

«ይህ ሁሉ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው፤ ከዙሪያው ካሉት ቃላት ይታወቃል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከመቶ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን ይታወቃል። ስለ ቀሪው አንድ ጊዜ ያየነውን እንናገር።

ገርጂ ያከራዩን እናት፣ እትዬ የምንላቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ በቦሌ በኩል ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የእትዬ ስልክ ከተበላሸ ስለ ሰነበተ ልጁ ሲደውል የሚደውለው በሰፈሩ ሱቅ ስልክ ነው፤ የሱቁ ልጅ ሮጦ ይመጣና ይጠራቸዋል። ያን ጊዜ ግን ሳይደውል ሁለት ወር ዐለፈ። በዚህ መካከል ከጎረቤት ከጎረቤት እየዞረ አንድ ወሬ መጣ፤ ልጁ በሚሠራበት ከተማ የኛ አገር ልጆች ተጎድተዋል አሉ። ማን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ያፈላሉ እንጂ አይጠጡም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስንመለስ አንድ ሕፃን ከሱቅ የተላከ ቁራጭ ካርቶን ይዞ መጣ። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ለእኛ ሰጡን። የሱቁ ልጅ በእስክርቢቶ የጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «እትዬ፣ ጓደኛው ከዐረብ አገር ደውሎ ነበር፤ ቤት መጥቼ አጣሁዎት። ልጅዎ አለ።» ከመጨረሻው ቃል አጠገብ አንድ የተሠረዘ ነገር ነበረበት። ሦስታችንም ካርቶኑን እየተቀባበልን አየነው፤ አንዳችንም ድምፃችንን አላሰማንም። «ለ» ከጠበቀች ልጁ በሕይወት አለ። «ለ» ከላላች ግን ጓደኛው «ልጅዎ» ብሎ ጀምሯል፤ ያልጨረሰው ነገር አለ ማለት ነው፤ ያልተጨረሰው ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ ማሰብ የሚፈልግ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

ከመካከላችን አንዱ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ አነበበላቸው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ «እዚህ ላይ ቃሉ በሁለት ዐይነት ይነበባል፤ የጻፈውን ልጅ ጠይቀን እንመጣለን» አላቸው። እትዬ ብድግ አሉ። ዐይናችንን እያዩ «አለ ነው የሚለው ወይስ አለ?» ብለው ጠየቁን። ፊተኛውን አጥብቀው ሁለተኛውን አላልተው ነው የተናገሩት፤ ሁለቱን ቃሎች አንድ ቀን የሰዋስው ትምህርት ሳይማሩ እንደ ጤፍና እንክርዳድ ለይተው በፊታችን አኖሯቸው። እኛ ግን የያዝነው ካርቶን ሁለቱንም በአንድ መልክ የጻፈ ስለሆነ የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ሱቁ ሮጥን፤ ሱቁ ተዘግቷል፤ ልጁ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል ተባለ። እስኪመሽ ድረስ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው። እትዬም ነጠላቸውን ተከናንበው መጥተው አብረውን ተቀመጡ።

የሱቁ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ጆንያውን ሳያወርድ ጠየቅነው። «አለ! ደኅና ነው፤ ስልኩ ስለ ጠፋበት ነው ያልደወለው» አለ። እትዬ መሬቱን ሳሙ። የሠረዝከው ምንድን ነው ስንለው ሣቀ፤ «ጓደኛው 'ልጅዎ አለ' አለ። እኔም 'ልጅዎ አለ አለ' ብዬ ጻፍኩ፤ ሳነበው አንድ ቃል ሁለት ጊዜ የጻፍኩ መሰለኝና አንዱን ሠረዝኩት» አለን። የትኛውን «አለ» እንደ ሠረዘ ግን ራሱም አያውቅም ነበር።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል። የሱቁን ልጅ የሚነቅፍ ከመካከላችን አልተገኘም፤ ሥራውን ትቶ ቤት ድረስ መሄዱ፣ ሲያጣም መጻፉ በራሱ ደግነት ነው። ያስገረመን ሌላ ነው። አንድ ወሬ ሙሉ እንዲሆን ሁለቱም «አለ» ያስፈልጉት ነበር። አንደኛው ነገሩ መኖሩን ይነግረናል፤ ሁለተኛው ያን የተናገረው ማን እንደሆነ ይነግረናል። ድግግሞሽ መስሎ ሲታይ ነው አንዱ የሚሠረዘው፤ አንዱ ሲሠረዝ ደግሞ የቀረው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እኛ ተማሮች በየቀኑ የምንሠርዘው ይህንኑ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከሚነገረው ዐረፍተ ነገር ብዙው የሚያልቀው «አሉ» በሚል ቃል ነው። ፈተናው ሊራዘም ነው አሉ። ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ነው አሉ። እገሌ የተባለው መምህር ሊሄዱ ነው አሉ። ይህ «አሉ» ባለቤት የለውም፤ ማን እንዳለ አይጠየቅም። ማታ የተነገረው «አሉ» በጧት «አለ» ሆኖ ያድራል፤ «ለ»ዋ በሌሊት ጠብቃ ታድራለች። የላላው ወሬ የጠበቀ እውነት መስሎ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ይሄዳል። ለእትዬ ቡናቸውን ያስተወው እንዲህ ያለው ባለቤት የሌለው «አሉ» ነው፤ ከአንድ ጎረቤት አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ማንም «ማን አለ?» ብሎ ያቆመው አልነበረም።

ተቃራኒውም ጉዳት አለው። በምናቀርበው የጥናት ወረቀት ውስጥ «እንዲህ ያለ ልማድ አለ»፣ «እንዲህ ያለ ችግር አለ» እያልን ገጽ እንሞላለን፤ ማን እንዳየው፣ ማን እንደ ተናገረው፣ የት እንደ ተጻፈ ግን አንጠቅስም። እዚህ ላይ የተሠረዘው የሚናገረው «አለ» ነው። መምህሮቻችን በቀይ እስክርቢቶ «ማን አለ?» ብለው ሲጽፉብን እንቀየማለን። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ራሱ ሁለት ጊዜ ቢነበብ ትክክል ነው፤ ማን ተናገረ? ማንስ አለበት? ሁለቱንም መመለስ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የተሞከረ ነገር መኖሩንም እናውቃለን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቁትን ፊደሎች በራሳቸው ላይ ነጥብ እያደረጉ ለይተዋቸው ነበር። ልማዱ ግን አልተስፋፋም፤ መጽሐፉን የወደደው አንባቢ ሁሉ ነጥቡን አልወረሰውም። እኛም በዚች መጽሔት ፊደል ልናሻሽል አልተነሣንም። የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። አሻሚ በሚሆንበት ቦታ «ይገኛል» ወይም «ተናገረ» ብለን እንጻፍ፤ አማርኛ ለዚህ ቃል አያጣም። «አሉ» ብሎ የሚጨርስ ወሬ ሲመጣብን ባለቤቱን ሳንጠይቅ አናሳልፈው። «አለ አለ» ብለን መጻፍ ባስፈለገን ጊዜም አንፈር፤ ለጆሮ የከበደው ለእውነት ይጠቅማል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን «እንዴት ነህ?» ለሚል ሰው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «አለሁ» ነው። ደኅና ነኝ ማለት አይደለም፤ ታምሜያለሁ ማለትም አይደለም። ቤቱ የፈረሰበትም፣ ውጤት የተበላሸበትም፣ ከባሕር ማዶ ያለውም ሰው ይህን አንድ ቃል ይልካል። ቃሉ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ለሚጠይቀው ሰው አስፈላጊውን ሁሉ ትነግረዋለች። ለወዳጅ ሲሆን ደግሞ «አለሁልህ» እንለዋለን፤ መኖራችንን ለእርሱ እንሰጠዋለን። «አለሁ» የሚለው ሰው በአንዲት ትንፋሽ ሁለቱንም «አለ» ይሠራቸዋል፤ ይኖራል፤ መኖሩንም ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከመካከላችን ብዙ ቀን ድምፁ ያልተሰማ ጓደኛ ቢኖር፣ ስለ እርሱ ሌሎች ያሉትን ከመስማት ይልቅ በሩን አንኳኩተን «አለህ?» እንበለው። መልሱን ከራሱ አፍ እንስማ፤ «ለ»ዋ ስትጠብቅ እንስማት።